«ገባልኝ እኮ!»

እዚህ ቨርጂኒያ፣ በምሠራበት የጠመንጃ ጥገና ቤት፣ ሐበሻ ደንበኛ ብርቅ ነው። አንድ ቅዳሜ አንድ አዛውንት ከአሮጌ ዕቃ ሽያጭ የገዙትን ባለ ሁለት አፈሙዝ የእንግሊዝ ሾትገን፣ ማለትም የእርሳስ ፍሬ የሚረጭ ጠመንጃ፣ ይዘው መጡ። ቅሬታቸው ትከሻ ይመታል ነው።

«ጋሼ፣ በምን ጥይት ተኮሱ?»

«በ12 ነዋ! ላዩ ላይ ተጽፎ የለ?»

እውነታቸውን ነው፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ጥንካሬ ከሚፈተንበት ከበርሚንግሃም ፍተሻ ቤት ማኅተም አጠገብ 12 ተቀርጿል። ግን 12 የሚናገረው ስለ ስፋት ብቻ ነው፤ ያውም ዞር ባለ መንገድ። አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢወጣው የአንዱ ስፋት ማለት ነው፣ 18.5 ሚሊሜትር ገደማ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ስፋቱ ይቀንሳል። ርዝመት ሌላ ጉዳይ ነው። በድሮ የእንግሊዝ ጠመንጃዎች የጥይቱ መቀመጫ ብዙውን ጊዜ 65 ሚሊሜትር ሲሆን ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ጥይት 70 ነው።

ጋሼ ያልተተኮሰ ጥይት ከኪሳቸው አውጥተው ሊያጎርሱት ሲሉ ቀማኋቸው። ሱቅ ውስጥ ይህ ክልክል ነው።

«ምን ሆንክ? ገባልኝ እኮ!»

መግባትማ ይገባል። ቀለህ የሚለካው ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ነው። ሲሸጥ አፉ ስለታጠፈ ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሲተኮስ ግን መታጠፊያው ይዘረጋና መቀመጫው ወደ አፈሙዙ በሚጠብበት ቦታ ይወተፋል፤ እርሳሱ በዚያ ሲጋፋ ግፊቱ ያሻቅባል። የተኮሷቸውን ቀለሆች አስወጣኋቸው። የሁሉም ጠርዝ እንደ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ተተልትሏል። አለቃዬ መለኪያውን ሰደደው፤ 65 ላይ ቆመ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከዚያው ኪስ የወጣችው ቢጫ ጥይት ናት። 20 ናት፣ የልጃቸው ጠመንጃ ጥይት። አሜሪካ ውስጥ 20 ቢጫ የሚቀባው ያለ ነገር አይደለም። ቀጭን ስለሆነች በ12 ውስጥ ከመቀመጫው አልፋ አፈሙዙ መጀመሪያ ላይ ትሰነቀራለች። ተኳሹ ባዶ መስሎት 12 ያጎርስባታል፣ ሲተኩስ አፈሙዙ ይፈነዳል፤ ያውም ግራ እጅ በሚደግፍበት ቦታ።

«ሁለቱን በአንድ ኪስ አይያዙ፣ ጋሼ።»

መቀመጫውን ቦርቡሮ ወደ 70 ማስረዘም አይቻልም ወይ አሉ። አለቃዬ የብረቱን ውፍረት ለክቶ እምቢ አለ፤ ስስ ነው። የቀረው በትእዛዝ የሚመጣ ባለ 65፣ ለአሮጌ ጠመንጃ የለዘበ ጥይት ነበር። ዋጋውን ስነግራቸው ብድግ አሉ።

«ያጠረው ነው እንዴ የሚወደደው?» ብለው እያጉረመረሙ ከፈሉ።