ወንዝ እየተከተሉ መንዳት፦ ከባሕር ዳር እስከ ዓባይ በረሃ

የባሕር ዳር ሰው መኪና ይዞ ለሽርሽር ሲነሣ ሐሳቡ ብዙውን ጊዜ ወደ ሰሜን ወደ ጎንደር፣ አለዚያም በደብረ ታቦር በኩል ወደ ላሊበላ ይሄዳል። በዳንግላ፣ በእንጅባራና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ዓባይ በረሃ የሚወርደው የደቡቡ መንገድ ግን የአዲስ አበባ መንገደኛ ተኝቶ የሚያልፈው፣ ነጂውም በቶሎ ለመጨረስ የሚጣደፍበት መንገድ ሆኖ ቀርቷል። ይህን መንገድ ለብቻው፣ ለመታየት የተገባ አድርጌ፣ ከቤተሰቤ ጋር ቀስ ብዬ ነድቼዋለሁ። በሀገራችን ካየኋቸው የተራራና የወንዝ መንገዶች ሁሉ የሚበልጥብኝም እርሱ ነው። እንዴት እንዳደረግሁትና ምን እንደተማርሁበት ለሚያስቡበት ሰዎች እጽፋለሁ።

ጉዞውን ያቀድሁት በከተሞች ሳይሆን በወንዞች ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ጢስ ዓባይ ይወርድና ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። አውራ ጎዳናው ደግሞ ይህን ታላቅ ዙሪያ በመሐል አቋርጦ ከሌላኛው ወገኑ ዓባይን መልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ «ይህ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ወንዞች ወደ ኋላ፣ ወደ ጣና ይፈሳሉ፤ ከእንጅባራ ከፍታ ወዲያ ያሉት ግን ጣናን ሳያዩ በቀጥታ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። ይህን ጥያቄ ይዞ የሚነዳ ሰው ሜዳ የመሰለው አገር ሁሉ ተዳፋቱ ይገለጥለታል፤ በኋላ ወንበር የተቀመጡ ልጆችም ከስልካቸው ቀና ብለው ድልድይ መጠበቅ ይጀምራሉ።

ወቅቱን በሚገባ መምረጥ ያስፈልጋል። ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለውን ጊዜ የመረጥሁት ዝናቡ ስለሚቀንስ፣ ወንዞቹ ገና ሙሉ ስለሆኑ፣ ጤፉ አረንጓዴ ሆኖ የኑጉ አበባ በየማሳው ቢጫ ስለሚለብስ ነው። በሚያዝያ ያለፈ ሰው ያንኑ መንገድ አቧራና ደረቅ ወንዝ አድርጎ ያስታውሰዋል፤ በሐምሌ ያለፈም ከጉም በቀር ብዙ አያይም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን ባለው የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ስላሉ፣ ከመነሣቴ በፊት ምሽቱን መናኸሪያ ሄጄ ያን ቀን ከመንገዱ የገቡ ሾፌሮችን እጠይቃለሁ። ከወሬ ሁሉ የሚታመነው የእነርሱ ቃል ነው፤ «ዛሬ ይቅርባችሁ» ካሉ ጉዞው ይቀራል። በማታ መንዳትን ፈጽሞ ከዕቅዴ አውጥቼዋለሁ።

መኪናዬ ተራ የቤት መኪና ናት፤ ለዚህ መንገድ ፎርዊል አያስፈልግም። ከመነሣቴ በፊት ጋራዥ አስገብቼ የፍሬን ሸራዋን፣ የራዲያተሯን ውሃና የስኮርታዋን ንፋስ አሳይቻለሁ። ሦስቱም ለአንድ ቦታ፣ ለዓባይ በረሃ፣ የተደረጉ ናቸው።

ወደ ደቡብ ለመሄድ ዓባይን መሻገር አያስፈልግም፤ ቢሆንም ጠዋት መጀመሪያ የነዳሁት ወደ አዲሱ ድልድይ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውና 380 ሜትር የሚረዝመው ይህ ድልድይ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ በመሆኑ ውሃውን ቆሞ ለማየት ይመቻል። ልጆቹ ሐይቁ የት ላይ ወንዝ እንደሚሆን በዐይናቸው እንዲለዩ፣ የወንዙን ስፋትና ቀለም እንዲይዙ ፈለግሁ፤ በጉዞው ማብቂያ እንደገና ሲያገኙት ማወዳደሪያ ይሆናቸዋልና። ከዚያ ተመልሰን በመራዊ መንገድ ወጣን።

እስከ መራዊ ያለው ሜዳ በቆሎ ነው። የቆጋ ግድብ በመስኖ የሚያለማው 7000 ሄክታር መሬት እዚሁ ስለሆነ በበጋም ቢሆን አረንጓዴ አይጠፋበትም። በዚህ ክፍል ነጂውን የሚፈትኑት ባጃጆችና የፈረስ ጋሪዎች፣ በገበያ ቀን ደግሞ አስፋልቱን ሞልቶ የሚሄደው ሕዝብና ከብት ናቸው። ክላክስ እየነፉ መግፋት ከብቱን ከማስበርገግ በቀር አይጠቅምም፤ ፍጥነትን ቀንሶ እረኛው እስኪሰበስባቸው መታገሥ ይሻላል።

ወተት ዓባይ ከተማ ስደርስ ከድልድዩ አልፌ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብዬ አቆምሁ። ግልገል ዓባይ ይህ ነው። በዚህ ወቅት ውሃው ከዳር እስከ ዳር ቀይ ቡናማ ሆኖ የዛፍ ቅርንጫፍ እያገላበጠ ይወርዳል፤ ጎንበስ ብለው በእጅ ቢዘግኑት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መዳፍ ላይ ልስልስ ያለ ደለል ይቀራል። ከሰከላ ተራሮች የታጠበው ይህ አፈር ወደ ሰሜን ተጉዞ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ይራገፋል፤ ወንዙም በሚገባበት ቦታ በዘመናት ብዛት የራሱን መሬት ወደ ሐይቁ ውስጥ ገፍቶ ሠርቷል። ባሕር ዳር ሆነን ስለ ጣና መደፍረስ ስንነጋገር ምክንያቱን ከዳርቻው ብቻ እንፈልጋለን። ያቺን እፍኝ ደለል ያየ ሰው ግን ሐይቁ የሚጠበቀው ከዚህ ሁሉ ርቀት ላይ ባለ እርከንና ዛፍ እንደሆነ ይገባዋል። ጣና በጣም ጥልቅ በሚባልበት ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ስለማይበልጥ የሚገባበት አፈር ቀላል ነገር አይደለም።

ከዱርቤቴ እስከ ዳንግላ መንገዱ ሳያስታውቅ ከፍ ይላል፤ አዲስ ቅዳም ሲደርሱ ነፋሱ ይቀዘቅዝና መስኮት መዝጋት ግድ ይሆናል። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው በማሳው የሚተክለው ዲከረንስ የተባለ ዛፍ በሁለቱም ወገን ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። በየመንገዱ ዳር ደግሞ አፋቸው በቅጠል የተወተፈ የከሰል ጆንያዎች መኪና ይጠብቃሉ። ዛፉ ተተክሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ በቦታው እህል ተዘርቶ እንደገና ይተከላል። አካባቢውን ከመራቆት ያዳነው ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም በዐይኔ ያየሁት ለምለምነት ይህን ለማመን ያዳላኛል።

እንጅባራ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ ከጣና ዳርቻ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ወጥተናል ማለት ነው። የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚሰበሰቡት እዚህ ነው፤ በሌላ ጊዜም በመንገዱ ላይ ያጌጠ ፈረስ ማየት አይጠፋም። ፈረሰኛ ከፊት ሲመጣ ፍጥነት መቀነስና ክላክስ አለመንፋት ከአክብሮትም በላይ ለደኅንነት ያስፈልጋል።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። በዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ቦታ ብቻ ቁሙ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው። ከአስፋልቱ ምንም አይታይም፤ በዛፎቹ መካከል ገብተው ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ግን መሬቱ በድንገት ክብ ሆኖ ይከፈትና ከታች ጥቁር ሰማያዊ ውሃ ተኝቶ ይገኛል። የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ዙሪያውን በደን ተከቧል፤ ጥልቀቱም ከጣና ጋር የሚወዳደር አይደለም። ውሃው ሙሉ ክብ ስለሆነ ነፋስ እንኳ ሲነካው ሞገዱ ከአንዱ ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲሄድ በዐይን መከተል ይቻላል። እናቴ ጠርዙ ላይ ተቀምጣ ምሳችንን ስታቀርብ «እዚህ ሳንወርድ ስንት ጊዜ አልፈን ይሆን!» አለች። እኔም በዚያ መንገድ ለሚያልፍ ሁሉ የምመኘው ይህንኑ ነው፦ ሰዓቱን በዘንገና አካባቢ ምሳ እንዲሆን አድርጎ መነሣት።

ውሃው አቅጣጫ የሚለውጠውም በዚሁ ከፍታ ነው። ከጥሊሊ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ወደሚባለው ምንጭ ይወስዳል። ምንጩ ጠበል ነው፤ ምእመናን ከሩቅ አገር ይመጡበታል። የውጭ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ ሲፈልጉት ኖረዋል፦ ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሰውበታል። ወተት ዓባይ ላይ ያን ያህል ሰፍቶ ያየነው ወንዝ እዚህ ሰው ተራምዶ የሚያልፈው ነው። ወደ ቦታው የሚሄድ ሰው ጠዋት ሊሄድ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሊጠይቅና ካሜራውን ከማውጣቱ በፊት ሊያስፈቅድ ይገባል።

ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ በፍጥነት ነው ያለፍሁት። የቡሬ በርበሬ መንገድ ዳር ተሰጥቶ ካገኙት መግዛት ነው። ብርን፣ ተምጫንና ጨሞጋን በተሻገርን ቁጥር ልጆቹ ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ይናገራሉ፤ ሁሉም አሁን ወደ ዓባይ ሸለቆ ነው። በስተግራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ በጠራ ቀን ይታያል፤ የጎጃምን ወንዞች የሚመግብ እርሱ በመሆኑ ጉም ከሸፈነው ቆም ብሎ እስኪገለጥ መጠበቅ ያዋጣል። ያደርነው ደብረ ማርቆስ ነው። ይህም ታስቦበት ነው፤ ዓባይ በረሃ የሚወረደው በጠዋት፣ በረፈደ እንቅልፍ ሳይሆን በነቃ ዐይን ነውና።

ከደጀን ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ከ2400 ሜትር ወደ 1000 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለረጅም ዘመን ተሳቢ የነዳ አጎቴ ከመነሣቴ በፊት ያለኝን አልረሳሁም፦ «ልጄ፣ ዳገቱን በሁለተኛ የምትወጣው ከሆነ ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው። ፍሬን ለመቆም ነው እንጂ ለመውረድ አይደለም።» እንዳለኝ ማርሹን ከላይ ጀምሬ ያዝሁ፤ ፍሬኑንም አልፎ አልፎ ጠበቅ አድርጌ ረግጬ እለቀው ነበር እንጂ እግሬን አላሳረፍሁበትም። ከፊታችን የሚወርዱት ከባድ መኪኖች የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ እስከ መኪናችን ውስጥ ይገባ ነበር። መሐል መንገድ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ካዩ ከኩርባው ወዲያ የቆመ መኪና አለ ማለት ነው። ከባድ መኪናን ለማስቆም በጎማ ሥር የተደረጉ ድንጋዮችም ሳይነሡ ስለሚቀሩ በኩርባ ላይ ወደ ዳር መጠጋት አደገኛ ነው። አስፋልቱ በየቦታው ተሸብሽቧል፤ ሥሩ ያለው መሬት በክረምት ውሃ እየጠጣ ስለሚንሸራተት መጠገን አያቋርጥም።

በየተወሰነ ርቀት በሰፊ ቦታ ቆመን፣ ጎማው እየቀዘቀዘ፣ የተቆረጠውን ገደል ከቅርብ አየነው። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲል በጥንት ባሕር ሥር የተኛው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ እንደተደረደረ መጽሐፍ በንብርብር ይታያል። ከእርሱ በታች በፀሐይ የሚያብለጨልጭ የጂፕሰም ፈትል ያለበት ለስላሳ አፈር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ። አየሩም አብሮ ይለወጣል፤ ደጀን ላይ ጋቢ የደረበች እናቴ ታች ስንደርስ መስኮት አስከፈተች።

በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተዘርግቷል። ጥበቃ ስላለ ድልድዩ ላይ አልቆምሁም፤ አልፌ፣ ከተፈቀደ ቦታ ሆነን አየነው። ባሕር ዳር ላይ ሰፊና ዝግተኛ የነበረው ዓባይ እዚህ በገደል መካከል ተጨንቆ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ የስንቱን ወንዝ አፈር ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ታናሹ ልጄ ቀለሙን አይቶ ወዲያው «የወተት ዓባዩን ይመስላል» አለ።

ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣቱ ለፍሬን ሳይሆን ለራዲያተር ፈተና ነው። የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ኤር ኮንዲሽኑን አጥፍቼ፣ ከባድ መኪና ለመቅደም ሳልሞክር ወጣሁ። ከላይ ሆነን የመጣንበትን ቁልቁለት በሙሉ ካየን በኋላ በዚያው ቀን ተመልሰን ደጀን ገባን። የሚቀጥለው ዕቅዴ ከደጀን በብቸና፣ በሞጣና በአዴት በኩል፣ ማለትም ከጮቄ በስተምሥራቅ ባለው መንገድ፣ ወደ ባሕር ዳር መመለስ ነው። የዚያ ወገን ወንዞች ወደ ዓባይ የሚወርዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ከመነሣታችን በፊት ልጆቹ ስማቸውን በካርታ ላይ እየጻፉ ነው።