አስቸጋሪውን ቱሪስት የት ላኑረው? ከሐረር የልምምድ ማስታወሻ

ፈረንሳይኛዬን የምለማመደው ከኤአይ ጋር ነው። እሱ ቱሪስት ይሆናል፣ እኔ እንደ ሥራዬ አስጎብኚ። ይህን ሮልፕሌይ መጀመር የምትፈልጉ የሐረርና የድሬ አስጎብኚዎች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ በኢንተርኔት ያለውን አገልግሎት ልጠቀም ወይስ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ልጫን? እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ገጸ ባህሪዬን ተዋወቁት። ሙሴ ብቻ ነው የምለው። ከሊዮን የመጣ ጡረተኛ መምህር ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም ባይ። በፈረንሳዊው ገጣሚ በአርተር ራምቦ ስም ወደሚጠራው ቤት ስንደርስ ገጣሚው የኖረው እዚህ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 መጨረሻ፣ ያረፈው ደግሞ በ1891 ማርሴይ ነው (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን ከእሱ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው። ይህን ሙሴ ሳይቀየም በፈረንሳይኛ ማስረዳት አለብኝ። ላብ ያስወጣል።

ደስ የሚለው፣ ኤአይ ሲቀባጥር እዚህ ላይ ይጠቅመኛል። የተሳሳተ መረጃ ይዞ የሚመጣ እንግዳ የዕለት ሥራችን ነው። ተገልብጦ ኤአዩን አስጎብኚ ካደረጋችሁት ግን ጉድ ይፈላል። የሐረርን ግንብ የጁገልን በሮች ስም ከራሱ ፈጥሮ በሙሉ ልብ ይነግራችኋል።

ሙሴን የጀመርኩት በኢንተርኔት አገልግሎት ነበር። የሚጫን ነገር የለም፣ በስልክ ይሠራል፣ መልሱ ፈጣን ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሙሴ ተለወጠብኝ። ያ ክርክር ወዳድ ሰውዬ «ልክ ነህ ወዳጄ» ብቻ የሚል ሆነ። ይሄ እኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሬፕሊካ የተባለው የኤአይ ጓደኛ መተግበሪያ በፌብሩዋሪ 2023 የፍቅር ጭውውቱን ሲገድብ ብዙ ተጠቃሚዎች የለመዱትን ገጸ ባህሪ እንዳጡ ቆጥረውት ነበር። ከገጸ ባህሪ ጋር የሚያወያየው ካራክተር ኤአይም በኖቬምበር 2025 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ነጻውን ጭውውት ዘግቷል። ውሳኔዎቹ ምክንያት አላቸው፤ በተለይ የልጆቹን ጉዳይ እደግፋለሁ። ነገር ግን ቁልፉ ያለው ባለቤቱ እጅ ነው።

ከዚያ ወደ ሲሊታቨርን ዞርኩ። ሲሊታቨርን ራሱ ኤአይ አይደለም። ገጸ ባህሪውን፣ የቆየውን ጭውውትና መመሪያውን የሚይዝ መድረክ ነው። የሚናገረውን ሞዴል (መልሱን የሚፈጥረውን ኤአይ) ከሌላ ቦታ ታገናኙለታላችሁ፤ ወይ እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ኮቦልድሲፒፒ ወይም ኦላማ በሚባሉ ሞዴል ማስኬጃ ፕሮግራሞች፣ ወይ ከውጭ በኤፒአይ፣ ማለትም በኢንተርኔት ከሌላ ድርጅት ሞዴል ጋር በሚያገናኝ መስመር፣ በክፍያ። ስለዚህ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ሳይሆን ሁለት ነው። ገጸ ባህሪው የት ይቀመጥ? ሞዴሉስ የት ይሥራ?

የመጀመሪያው ለኔ አያከራክርም፤ ቤቴ። የገጸ ባህሪው ካርድ ተራ ፒኤንጂ ፎቶ ነው፤ መግለጫው ውስጡ ተደብቋል። በፍላሽ ገልብጣችሁ ለጓደኛ መስጠት ትችላላችሁ። ሎርቡክ የሚባለው ደግሞ በቁልፍ ቃል የሚነቃ ማስታወሻ ነው። ከሁለታችን አንዳችን «ጁገል» ስንል፣ ግንቡን አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት፣ ዩኔስኮም በ2006 እንደመዘገበው የሚለው ጽሑፍ ይገባል። ቃሉ ካልተነሳ ማስታወሻው የሞዴሉን የማስታወስ ቦታ አይሻማም።

ሁለተኛው እንደ ማሽናችሁ ነው። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ በሥልጠና የያዛቸው ቁጥሮች) ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር ወደ 4 ቢት ሲጨመቅ 5 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። እኔ የምጠቀመው ሚስትራል ኔሞን ነው። ሚስትራል ከኤንቪዲያ ጋር በጁላይ 2024 ያወጣው ባለ 12 ቢሊዮን ሞዴል ነው፤ ተጨምቆ 7.5 ጊጋባይት ገደማ። ፈረንሳይኛው ያምራል፣ የፈረንሳይ ካምፓኒ ልጅ አይደል! ላፕቶፔ 16 ጊጋባይት ራም እንጂ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ መልሱ አንድ አንድ ቃል እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው። ለልምምድ አይከፋም። እውነተኛ ሽማግሌም እያሰበ ነው የሚናገረው።

መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቀጥላል፤ ግን ሞዴሉ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለውም። ድሬ ሳቢያን ያለው ጓደኛዬ ግን ሌላ ችግር አለበት። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ ይግልና ራሱን ያዘገያል። «አቦ፣ ሙሴ ማታ ካልሆነ አያናግረኝም» ይላል። የድሬ ልጆች፣ ቬንቲሌተሩን ወደ ላፕቶፑ አዙሩት።

አማርኛ ላይ ስንመጣ የቤቱ ሞዴል አያዋጣኝም። ትንንሾቹ ሞዴሎች አማርኛ ያጣምማሉ። በዚያ ላይ ፊደላችን ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው፣ የላቲኑ 1። ብዙ ሞዴሎች ፊደሉን ስለሚቆራርጡት የማስታወስ አቅማቸው ቶሎ ይሞላል፤ ገጸ ባህሪው መጀመሪያ የተነገረውን ይረሳል። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጭናጫ ቤተሰብ ስለማመድ ከውጭ ትልቅ ሞዴል በኤፒአይ እከራያለሁ። ለዚህ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቻችን የምንቆመው እዚያ ላይ ነው። ደግሞ እወቁ፣ መድረኩ ቤታችሁ ስለሆነ ብቻ ጽሑፉ ምስጢር አይሆንም። ኤፒአይ ከተጠቀማችሁ የጻፋችሁት ሁሉ አገልግሎት ሰጪው ጋ ይደርሳል። የእውነተኛ ደንበኛ ስም አታስገቡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲሊታቨርን ሲጫን ከራሳችሁ ኮምፒውተር ብቻ ነው የሚከፈተው። ከስልካችሁ ልትገቡበት ብላችሁ ይህን ከቀየራችሁ የይለፍ ቃል አድርጉበት፤ በተለይ የሆቴል ዋይፋይ ላይ።

አሁን የምሞክረው የቡድን ጭውውት ነው። ለሙሴ ሚስት ጨመርኩለት። ተናጋሪው በተቀያየረ ቁጥር ላፕቶፔ ሁሉን ከመጀመሪያው እያነበበ ይንቀራፈፍ ነበር፤ ሁለቱን ካርዶች የሚያጣምረውን ምርጫ ሳበራ ተሻለው። ሴትየዋ ግን ፈላና በር ጅብ ሊበላ ሲመጣ ከባጃጁ አልወርድም ብላለች፤ እስካሁን በፈረንሳይኛ አላሳመንኳትም።