ፖፕ ያልተሰለፈችበት ፍጻሜ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ የ2022ን የሴቶች አውሮፓ ዋንጫ በስልኳ እያየች ነበር። «ይቺ 11 ቁጥር በቴስታ ስታገባ አየሽ?» አለችኝ።

የጀርመኗ አጥቂ አሌክሳንድራ ፖፕ ናት አልኳት። የ2013 እና የ2017 አውሮፓ ዋንጫዎች በጉዳት አመለጧት። በ31 ዓመቷ መጥታ በአምስት ጨዋታ ስድስት ጎል አገባች። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይ ላይ የገቡት ሁለቱም የእሷ ናቸው። ከዚያ ፍጻሜው፣ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም። ከ87 ሺህ በላይ ተመልካች እየጠበቃት፣ ሰውነቷን ስታሟሙቅ ጡንቻዋን ያዛት። ጀርመን ያለ እሷ ገብታ በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ተሸነፈች።

እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር ይቺ አንድ ቀን ብቻ መወራቷ አይዋጥልኝም። የሪዮ ኦሎምፒክ ወርቅ አላት፤ በ2024 ከብሔራዊ ቡድኑ ስትሰናበት ለአገሯ 67 ጎል አግብታ ነበር። የእንስሳት ተንከባካቢነት ሙያም ተምራለች። ልጅቷን በጣም የገረማት ይሄኛው ነው።