በከንቱ የተወቀሰው ቁርጭምጭሚቴ

አይስ ሆኪ መጫወት የጀመርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ በኦታዋ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች በገፋሁ ቁጥር ግራ እግሬ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ያስቸግረኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቴ ደካማ ነው ብዬ ስላመንኩ የጫማዬን ክር እስከ ላይኛው ቀዳዳ ድረስ አጥብቄ አስር፣ ቤት ውስጥም በአንድ እግሬ እየቆምኩ እለማመድ ነበር።

የሆኪ ጫማ ስለት እንደ ቢላዋ አንድ ሹል አፍ ያለው ይመስላል እንጂ አይደለም። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ፣ በመካከሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቦይ ስለሚወጣለት ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዞች አሉት። አንድ ቀን የቡድን ጓደኛዬ ጫማዬን ገልብጦ በጠርዞቹ ላይ ሳንቲም አጋደመ፤ ሳንቲሙ በቀኙ ጫማ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ፣ በግራው ላይ ግን በግልጽ ወደ ውስጠኛው ጎን አዘነበለ። የሳለልኝ ሰው የውስጠኛውን ጠርዝ ከውጪኛው አብልጦ ስለበላው፣ እግሬ ቀጥ ብሎ ሊቆም የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ይህ ትንሽ ልዩነት ያን ያህል የጎዳኝ በበረዶ ላይ አገፋፉ ከሩጫ ስለሚለይ ነው። ስለቱ በርዝመቱ አቅጣጫ ያለ ብዙ ሰበቃ ስለሚንሸራተት፣ እንደ ሯጭ ቀጥታ ወደ ኋላ ቢገፉት ያመልጣል፤ ፍጥነት የሚገኘው ዳሌና ጉልበት ወደ ጎን ሲዘረጉ፣ የውስጠኛውም ጠርዝ በረዶውን ነክሶ ሲይዝ ነው። ቦዩ በጠለቀ መጠን ጠርዙ አጥብቆ ይነክሳል፣ ነገር ግን መንሸራተቱን ይይዛል። የቦዩ ጥልቀት የሚለካው በክቡ ራዲየስ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦዩ ይጠልቃል። የእኔ በ3/8 ኢንች ራዲየስ የተሳለ ነበር፤ ክብደቴ ከ90 ኪሎ ስለሚበልጥ በረዶው ውስጥ አብዝቼ እሰምጥ ነበር። ወደ 5/8 ስቀይረው በመጀመሪያው ጨዋታ ለመቆም ስሞክር ብንሸራተትም፣ ጭኖቼ እንደ ቀድሞው አልዛሉም።

በዚያው ሳምንት የላይኛውን ቀዳዳ ሳላስር መተው ጀመርኩ። ጠንካራው ጫማ ቁርጭምጭሚትን ከጎን ቢደግፍም፣ አጥብቀው ሲያስሩት ጉልበት ወደ ፊት እንዳይታጠፍ ይከለክላል፤ ጉልበት ካልታጠፈ ደግሞ የሚዘረጋው ርቀት ያጥራል። በፍጥነት መንሸራተት ውድድር ተረከዙ ከስለቱ የሚላቀቅ፣ ከፊት በማጠፊያ የተያያዘ ጫማ እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ድል ያስገኘው፣ ቁርጭምጭሚት በግፊቱ መጨረሻ ላይ እንዲዘረጋ ስለፈቀደ ነው። በድንገት መቆምና ወደ ኋላ መሄድ ለሚያስፈልገው ሆኪ ግን የሚመች አይመስለኝም።

የእኔ ስሕተት ሁለቱን ለውጦች በአንድ ሳምንት ማድረጌ ነበር። በቁርጭምጭሚቴ ፊት ለፊት ያለው ጅማት ሕመሙ ሲለቀው ምክንያቱን መለየት ስላቃተኝ፣ ክሩን እንደ ድሮው አስሬ ሦስት ጨዋታ ተጫወትኩ፤ ሕመሙ ተመለሰ። አሁን ጫማዬን ካሳልኩ በኋላ ሳንቲሙን ሳላጋድም ከሱቅ አልወጣም።