የኔክስትክላውድ ዳታ ፎልደርን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወር

ዲስኩ ስለጠበበኝ የቤቴን ኔክስትክላውድ (ፋይሎችን በራስ ሰርቨር አስቀምጦ ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር የሚያመሳስል ሶፍትዌር) ዳታ ወደ ትልቅ ዲስክ አዛወርኩ። የቤተሰቡ ፎቶ በሙሉ እዚያ ላይ ስለሆነ ሳልቸኩል ነው የሠራሁት። ተመሳሳይ ሥራ ለሚጠብቃችሁ ይጠቅማል ብዬ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ፋይሎቹን መቅዳት ቀላሉ ክፍል ነው። ዋናው ጉዳይ ሰርቨሩ የድሮውን ዱካ (የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ) የመዘገበበት ቦታ ከአንድ በላይ መሆኑ ነው። አንዱ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ያለው «ዳታዳይሬክተሪ» የሚለው መስመር ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ሌላው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። የስቶሬጆች ሰንጠረዥ ላይ «ሎካል» ብሎ የሚጀምር፣ የድሮውን ሙሉ ዱካ የያዘ መስመር አለ። የተጠቃሚዎቹ መስመሮች «ሆም» ብለው ስለሚጀምሩና ዱካ ስለሌላቸው አይነኩም። የሎካሉን ካላስተካከላችሁ ሰርቨሩ አዲሱን ቦታ እንደ ሌላ ስቶሬጅ ይመዘግበዋል፤ የድሮው መስመርም ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አዲሱን ዲስክ በሊኑክሱ የፋይል ሥርዓት በኢኤክስቲ4 ፎርማት አድርጉት። በዊንዶውስ የተለመዱት ኤንቲኤፍኤስና ኤክስፋት የሊኑክስን የባለቤትነት ፈቃድ እንደሚገባ አይዙም። ከዚያ ሜንቴናንስ ሞድ (ሰርቨሩ ለጊዜው ተጠቃሚ እንዳያስተናግድ የሚያደርገውን) አብሩና የዳታቤዙን ባክአፕ ውሰዱ። መቅዳት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

እኔ የቀዳሁት አርሲንክ በሚባለው የፋይል መቅጃ ትእዛዝ ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ እንኳ ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሙት ያለቀውን ፋይል አልፎ የቀረውን ይቀጥላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ላይ ስላሽ ካለ ይዘቱን ብቻ ይቀዳል። ከሌለ ፎልደሩን ራሱን ይወስድና ዳታ ውስጥ ሌላ ዳታ ታገኛላችሁ።

ዳታ ፎልደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ኦሲዳታ» የሚባል ትንሽ ፋይል አለ፤ በአዳዲሶቹ ስሪቶች «ኤንሲዳታ» ሆኗል። ድብቅ ፋይል ስለሆነ በኮከብ ምልክት ስትቀዱ ይዘለላል። ሰርቨሩ ፋይሉን ካላገኘ ዳታ ፎልደሩ ልክ አይደለም ብሎ ይቆማል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ፋይሉን በእጁ ፈጥሮ ያልፋል። እባካችሁ መጀመሪያ ዲስኩ ማውንት መሆኑን (መነሳቱን፣ ማለትም ከፎልደሩ ጋር መያያዙን) እዩ። ዲስኩ ሳይነሳ ቀርቶ ከሆነ ሰርቨሩ የሚያየው ባዶ ፎልደር ነው። እዚያ ባዶ ፎልደር ላይ ፋይሉን ፈጥራችሁ ካስነሳችሁት ሲንክ የሚያደርጉት ስልኮችና ላፕቶፖች ፋይሎቹ ተሰርዘዋል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ይህ ፋይል የተቀመጠው ለዚህ ነው።

የፎልደሩ ባለቤት የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ይሁን፤ ፈቃዱ 770 (ለባለቤቱና ለቡድኑ ሙሉ፣ ለሌላው ዝግ)። ከላይ ያሉት ፎልደሮችም ይህን ተጠቃሚ ማሳለፍ አለባቸው። ዴስክቶፑ በራሱ የሚያነሳው ዲስክ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይዘጋል፤ ስለዚህ ኤፍኤስታብ (ሲስተሙ ሲጀምር የሚነሱ ዲስኮች ዝርዝር ፋይል) ላይ በዩዩአይዲ (በዲስኩ መለያ) መዝግቡት።

ዳታቤዝ መንካት ለሚከብደው ባይንድ ማውንት አለ። አዲሱ ዲስክ ላይ ያለውን ፎልደር በድሮው ዱካ ላይ ታነሱታላችሁ፤ ኮንፊጉም ዳታቤዙም እንዳለ ይቆያል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይህን ነው።

የድሮውን ፎልደር ገና አልሰረዝኩትም፤ ስሙን ብቻ ቀየርኩት። የድሮውን ዱካ የሚጠራ ነገር የሆነ ቦታ ቀርቶ ከሆነ ወዲያው ስህተት ያወጣል። የባክአፕ ስክሪፕቴ የተያዘው በዚህ ነው።