ቀዩ መብራት

ቅቤ ልቀባ ማንኪያ ይዤ ክዳኑን ከፈትኩ። ቅቤው ዕቃው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ዘይት ሆኗል! አጠገቡ ያለው ቸኮሌት ደግሞ ወረቀቱ ነው እንጂ ቅርጹን የያዘው፣ ነካ ሳደርገው ጣቴ ስምጥ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው እንግዲህ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ለተወሰኑ ወራት የእኔና የባለቤቴ ቤት መኪና ነበረች። ከኋላ ፍራሽ፣ ከጎን አንዲት ትንሽ ምድጃ፣ በቃ። መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ፈተናው መኝታ ወይም ሻወር ይመስላችኋል አይደል? ወተት ነው! ዛሬ የተገዛ ወተት ነገ ጠዋት ወተት ሆኖ ካደረ ትልቅ ነገር ነው።

መጀመሪያ በበረዶ የሚሠራ ተራ ሳጥን ነበረን። የተፈጨ በረዶ ገዝተን እንሞላዋለን፤ በማግስቱ አይቡ ሲዋኝ እናገኘዋለን። የጣሳዎቹ ወረቀት በውሃው ተልጦ ስለሚያልቅ እራት ሎተሪ ሆነ። አናናስ ብለን የከፈትነው ቱና የሆነበት ቀን አለ። በልተነዋል፣ ምን እናደርጋለን።

ጥፋቱ ግን የበረዶው አልነበረም። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ የሚውጠው ሙቀት፣ አንድ ኪሎ ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ያደርስ ነበር። ቀላል ጉልበት አይደለም። የእኛ ግን የተፈጨ ነው፤ ለሙቀት የተጋለጠው ገላው ብዙ ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል። ትልቅ ድፍን በረዶ ቢሆን ብዙ ይቆይ ነበር። ሌላው ጥፋተኛ እኔ ነኝ። መቀዝቀዙን ለማረጋገጥ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን እከፍታለሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስትከፍተው እኮ ነው የሚሞቀው።»

«ካላየሁት በምን አውቃለሁ?»

በመጨረሻ ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ሳጥን ገዛሁ። ጉራዬ ልክ አልነበረውም። መንገዱን ሙሉ ሌክቸር ሰጠኋት። «ይሄ ጋዝ የለው፣ ኮምፕረሰር የለው። ፔልቲየር የሚባል ፈረንሳዊ በፈረንጆች 1834 ያገኘው ነገር ነው። ኤሌክትሪክ በሁለት የተለያዩ ነገሮች መጋጠሚያ ላይ ሲያልፍ አንዱ ጎን ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይሞቃል። የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ብትገለብጪው ደግሞ ሙቁና ቀዝቃዛው ቦታ ይቀያየራሉ!»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ከራሴ አፍ ነው የወጣችው።

ሳጥኑን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ሸጎጥኩት። ስዊቹ ያለበት ጎን ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ በጠባቡ ክፍተት እጄን አሾልኬ ጫን ሳደርገው ቀይ መብራት በራ። ማራገቢያውም መዞር ጀመረ።

«ለምንድን ነው ቀይ የሆነው?» አለች።

«ቀይ ማለት ኤሌክትሪክ አለ ማለት ነው» አልኳት። እንዴት በልበ ሙሉነት እንደተናገርኩ ብታዩ!

የመጀመሪያው ቀን ለስላሳው ለብ ብሎ ወጣ። «ገና አልያዘም፣ ጊዜ ስጪው» አልኩ። በሁለተኛው ቀን ወተቱ ረጋ። ለዚህም መልስ ነበረኝ። እንዲህ ያለ ሳጥን ቢበዛ ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ገደማ ነው የሚቀንሰው፤ ውጭው 38 ከሆነ ውስጡ 18 ነው፣ 18 ደግሞ ለወተት ብዙ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ አሁንም እከራከራለሁ። ችግሩ የእኛ ሳጥን መቀነሱን ትቶ ሲደምር መዋሉ ነው።

እሷ ዝም ብላ ታየኛለች። ያ ዝምታ ከየትኛውም ንግግር ይከብዳል።

መፍትሔ መፈለግ ጀመርኩ። ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ ብዬ ማራገቢያውን ብቻ አስቀርቼ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። እንደ አራስ። ይባስ ብዬ «ላግዘው» አልኩና አንድ ከረጢት በረዶ ጨመርኩበት። ከሰዓት በኋላ ስከፍተው በረዶ የለም። እጅ የሚያስታጥብ ሙቅ ውሃ ተኝቷል፣ እንቁላሎቹ መሀሉ ላይ ይንሳፈፋሉ። ዓሣው ደግሞ... የዓሣውን ነገር ተዉኝ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ ሠርግ ቤት ነው ይባላል፤ እኛ ደግሞ ድንኳኑን ተክለን፣ ብርድ ልብስ አልብሰን ነበር የጠራናቸው። ሁሉንም ጣልን። የመኪናው መስኮት ሁለት ቀን ሙሉ አልተዘጋም።

ቅቤውና ቸኮሌቱ በማግስቱ የመጡ ናቸው። አዎ፣ እንደገና ገዛሁ። እልህ ነው። «ቀን ስለሞቀ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ይይዛል» ብዬ እንደተሰካ ተኛን። ጠዋት ያየሁትን መጀመሪያ ላይ ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ፣ ከዚያ ቁልፍ ሳዞር መኪናዋ «ጠቅ» ብላ ዝም ማለቷን ነው። ሳጥኑ ወደ 5 አምፔር ገደማ ሲስብ አድሮ ባትሪውን ጨርሶታል። ሞተር ለማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ እንዲህ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ቢመጥጡት አይችልም።

መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን ስናወዛውዝ አንድ ጠና ያሉ የጭነት መኪና ሾፌር ቆሙልን። ኬብል አወጡ፣ ባትሪ ከባትሪ አገናኙ፣ መኪናዋ ተነሳች። ደስታዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ጋሼ፣ እንዲሁማ አይሄዱም። ቀዝቃዛ ነገር ልስጥዎት!»

ባለቤቴ ክንዴን ያዘች። ዘግይታ ነበር። ሶዳውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጠርሙሱን ሲይዙት ከእጅ ወደ እጅ ማቀያየር ጀመሩ። ከዚያ ከፈቱት። የሞቀ ሶዳ ጋዙን መያዝ አይችልም፤ ከጠርሙሱ ተነስቶ ሸሚዛቸውን፣ መነጽራቸውን፣ ትንሽ ደግሞ እኔን አለበሰን።

መነጽራቸውን አውልቀው በእርጋታ ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ ነው ቀዝቃዛው?»

«ማሽኑ ትንሽ ብልሽት...» ማለት ስጀምር አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ጥቅልል አዩት። ብርድ ልብሱን ገለጥ፣ ሳጥኑን ዞር አደረጉት። የቆመው ዝምታ አሁንም ይታወሰኛል።

«ልጄ፣ ምግብ ማሞቂያው ላይ ምን አደረሰህ?»

ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ቀዩ ጠፋ። ሰማያዊ በራ። ከስዊቹ ሥር አንዲት ትንሽዬ ጸሐይና አንዲት የበረዶ ቅንጣት ተስለዋል። አራት ቀን ሙሉ ጸሐይዋ ላይ ነበርን።

ባለቤቴን ዞሬ አላየኋትም። ማየት አያስፈልግም ነበር። መጀመሪያ እንደ ሳል የመሰለ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ መኪናውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «አቅጣጫውን ብትገለብጪው!» ትላለች፣ ትስቃለች፣ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ደግሞ «በ1834!» ትላለች።

ሰውዬው ወደ መኪናቸው ሄደው አንድ ጠርሙስ ይዘው ተመለሱ። በረጠበ ካልሲ ውስጥ ያለ ተራ ውሃ። መስታወታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመታው ነው የዋለው። ካልሲው ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀቱን ከጠርሙሱ እየወሰደ ይሄዳል፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ በደንብ ይሠራል። ቀመስኩት። ቀዝቃዛ ነው። በካልሲ ተበለጥኩ።

«ሞተር ስታጠፋ ንቀለው» አሉኝ ሲሄዱ። «ማታ ማታ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ክተትበት። ሲቀልጥ ትጠጣዋለህ፣ ምግብህም አይዋኝም።»

እንዳሉት አደረግን። ባለቤቴ ግን አለቀቀችኝም። ሾርባ በቀዘቀዘ ቁጥር «ፍሪጅ ውስጥ ላስገባልህ?» ትለኛለች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ወተቱ እንዴት እንዳለ አሳሰበኝ። ድምፅ ሳላሰማ ተነስቼ በጨለማው እየዳበስኩ ሳጥኑ ጋ ደረስኩ። ክዳኑን በቀስታ፣ በጣት ስፋት ያህል ብቻ ከፈት አደረግኩ። ቀዝቃዛ አየር ጉንጬን ነካኝ።

ከፍራሹ በኩል ድምፅ መጣ።

«ዝጋው!»