የሄሊኮፕተር ማረፊያን ከካርታ እስከ መሬት እንዴት እንደመረጥኩ

በተራራማ አካባቢ ለድንገተኛ ሕክምና በረራ የሚሆኑ ማረፊያዎችን የመለየት ሥራ ስጀምር፣ በቅድሚያ የጠየቅሁት የትኛው ዓይነት ሄሊኮፕተር እንደሚመጣ ነበር። የማረፊያው ስፋትም ሆነ የተዳፋቱ ገደብ የሚወሰነው በዚያ ነውና። የብዙ ሄሊኮፕተሮች ገደብ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው መካከል ይገኛል፤ እኔ ለመጀመሪያው ማጣሪያ 7 ዲግሪ ያዝኩ። ዲግሪና ፐርሰንት እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ 7 ዲግሪ ማለት 12 ፐርሰንት ገደማ ሲሆን፣ 7 ፐርሰንት ግን 4 ዲግሪ ብቻ ነው።

የከፍታ መረጃውን በነፃ ከሚገኘው የኮፐርኒከስ (የአውሮፓ ኅብረት የምድር ምልከታ ፕሮግራም) ባለ 30 ሜትር ስብስብ፣ ማለትም በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ነጥብ ካለው፣ ወሰድኩ። መረጃው በኬንትሮስና በኬክሮስ ዲግሪ ስለሚቀመጥ፣ ተዳፋት ከማስላቴ በፊት በሜትር ወደሚለካ የካርታ ሥርዓት ቀየርኩት። አግድሙ በዲግሪ፣ ከፍታው በሜትር ሆኖ ከተሰላ ሜዳው ሁሉ ገደል መስሎ ይወጣል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኮምፒውተሩ የአንድን ነጥብ ተዳፋት የሚያሰላው በዙሪያው ያሉትን 8 ነጥቦች አይቶ ነው። ስለዚህ በካርታው ላይ የምናየው አንድ ቁጥር 90 ሜትር በ90 ሜትር የሚሆን መሬት አማካይ ጠባይ ነው። በዚያ ውስጥ ቦረቦር፣ ኩይሳ፣ ጉቶ ወይም ቋጥኝ ሊኖር ይችላል፤ አንዱም አይታይም። በተቃራኒው፣ 60 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ጎኖች መካከል የ3 ሜትር የከፍታ ስህተት ቢኖር፣ መሬት ላይ የሌለ 3 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይፈጠራል። መረጃው የዛፉን ጫፍ እንጂ ከሥሩ ያለውን አፈር ስለማያሳይም፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ለጥ ያለ ሜዳ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደኑንና ረግረጉን በመሬት ሽፋን ካርታ አስወጣሁ፤ ተነጣጥለው የቀሩ ትንንሽ ነጠብጣቦችንም ጣልኩ። ካርታው የማይሆነውን መሬት በመጣል በኩል ታላቅ ባለውለታ ነው፤ ይሆናል ያለውን ግን ሄጄ ሳላይ አላምነውም።

መሬት ላይ ስደርስ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው ሽቦ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ከአየር ላይ ለማየት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ምሰሶዎቹን ተከትዬ አቅጣጫውን እመዘግባለሁ። በመግቢያና በመውጫ አቅጣጫ ላሉ መሰናክሎች አንድ ለአሥር በሚለው መለኪያ እሠራለሁ፤ 15 ሜትር ዛፍ ካለ ማረፊያው ከእሱ 150 ሜትር መራቅ አለበት። ተዳፋቱን በእጅ መለኪያ በተለያየ አቅጣጫ እለካለሁ፤ አፈሩንም እረግጣለሁ። ደቃቅ አቧራ ሄሊኮፕተሩ ሊያርፍ ሲል ተነሥቶ የአብራሪውን እይታ ይጋርዳል፤ የላላ ቆርቆሮና ላስቲክም በነፋሱ ተነሥቶ ሰው ይጎዳል።

ቦታው ዘንበል ያለ ከሆነ ሰዎች በየት በኩል እንደሚቀርቡም እወስናለሁ። በዳገቱ በኩል የሚሽከረከረው ክንፍ ለመሬት ስለሚቀርብ፣ በሽተኛ ተሸካሚዎች ከቁልቁለቱ በኩል፣ አብራሪው እያያቸው መምጣት አለባቸው። ይህን ለአካባቢው ሰው ቆሞ በማሳየት እንጂ በወረቀት ብቻ ማስረዳት አይበቃም።

ለአብራሪው የምሰጠው ቅጽ የቦታውን መገኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ መሰናክሎቹንና የታየበትን ቀን ይይዛል። ከፍ ባለና በሞቃት ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ የሚጫነውን ክብደት አብራሪው ራሱ ያሰላል፤ የማረፉ የመጨረሻ ውሳኔም የእሱ ነው። ከክረምት በፊት የታየ ሜዳ ዝናቡ ካበቃ በኋላ እንደገና እስኪታይ ድረስ ከዝርዝሩ ይወጣል።